እትዬ ምርመራ ባዶ ናት

በእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲው ግቢ ውስጥ እንደ ዲኑ የምትከበር አንዲት ጥቁር ላም ነበረች። እንዲያውም በአሥር ዓመት ውስጥ አራት ዲን መጥቶ ሲሄድ እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። መዝገብ ላይ ያላት ስም አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ግን እትዬ ምርመራ ነበር የሚሏት።

ክብሯ ከሥራዋ የመጣ ነው። ላም ማርገዝ አለማርገዟ የሚታወቀው፣ ክንድን እስከ ትከሻ በሚደርስ የፕላስቲክ ጓንት ሸፍኖ፣ በኋላ በር አስገብቶ፣ በአንጀቷ ግድግዳ በኩል ማሕፀኗን በመዳሰስ ነው። ይህን ሳይችል የሚመረቅ የእንስሳት ሐኪም የለም። ስለዚህ ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሶ የሚንጎራደደው ሐኪም ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ የመጀመሪያ እጁን የሰደደው እትዬ ምርመራ ዘንድ ነው። በእሷ ውስጥ ገብቶ የወጣው እጅ ቢቆጠር አንድ ክፍለ ጦር ሰላምታ ይሰጥበታል። እሷም ለምዳዋለች። ተማሪው ከኋላ ሲርመጠመጥ ከፊት ድርቆሿን ታላምጣለች፤ በጣም ከቆየባት ብቻ አንገቷን ዞር አድርጋ፣ ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ እንደሰለቸው ሰው፣ "ገና ነህ እንዴ?" በሚል ዓይን ታየዋለች።

ከዚያ ሁሉ እጅ ውስጥ በጣም አጭሩ የአንዲት እጥረት የምትባል ተማሪ ነበር።

እጥረት እናት ያወጣችው ስም አይደለም፤ የክፍል ጓደኞቿ ስጦታ ነው። ቁመቷ አጭር ነበር፤ ክንዷ ደግሞ ከቁመቷም የባሰ። ሌላው እስከ ብብቱ ገብቶ ማሕፀኑን እንደ በር እጀታ ሲጨብጠው፣ እሷ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ጉንጯን ከላሟ ታፋ ጋር አጣብቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትንጠራራ፣ ጣቶቿ አንድ ስንዝር ቀርቷቸው ባዶ ሜዳ ላይ ይዋኛሉ። ባለፈው ዓመት በተግባር ፈተናው ላይ መምህሩ "ምን አገኘሽ?" ቢሏት "አልደረስኩም" አለች። እውነቷን ነው። ለእውነቷ ዜሮ ተሰጣት።

የፋኩልቲው ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ አንድን ትምህርት ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። ይግባኝ የለም፣ ሦስተኛ ዕድል የለም። ዘንድሮ ከወደቀች ደብተሯን ይዛ ወደ እናቷ ትመለሳለች።

እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደም፣ የሰው ላብና የሰው ጣር የጠጣ አንሶላ ስታጥብ፣ በረኪናው የጣቶቿን ቆዳ እንደ ድንች ልጦታል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሐኪም በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ልጇ የእንስሳት ሕክምና የገባች ቀን ግን ሠፈሩን ከዳር እስከ ዳር ዞራ "ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው" አለች። የምን ዶክተር እንደሆነ ማብራራቱን ለሌላ ጊዜ አቆየችው። በማግስቱ ጎረቤታቸው ያሉት ጡረተኛ ሹፌር በራቸውን አንኳኩ።

"ዶክተር፣ ይቺ ሳል አልለቅ አለችኝ።"

"አባባ፣ እኔ እኮ የከብት ነኝ።"

"ታዲያ እኔስ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ምን ቀረኝ? ቀንድ ብቻ እኮ ነው የጎደለኝ።"

እጥረት ሁለተኛውን ፈተና ስትጠብቅ ክንዷን ለማስረዘም ያላደረገችው የለም። የበሩ መቃን ላይ ተንጠለጠለች። የልብስ ማድረቂያው ብረት ላይም ተንጠለጠለች። እናቷ ከሥራ ስትመጣ አይታት፣ "ምነው ልጄ፣ ታጥበሽ ነው?" አለቻት። ከረጢት ውስጥ ሽንኩርት፣ ሩዝ የሞላ ካልሲ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከትታ፣ ዓይኗን በጨርቅ አስራ በእጇ መለየት ተማረች። ይህን ዘዴ ያሳያት ክሬን ነው። ክሬን የክፍሉ ረጅም ልጅ ነው፤ እጁ ሲዘረጋ ከእትዬ ምርመራ አልፎ ድርቆሹን ከአፏ ይቀማታል ይባልለታል።

"ክንድሽ አያድግም፣ ተይው" አላት። "ጣትሽ ግን ይማራል። ደግሞስ ምን አስጨነቀሽ? ውርሱ አለ አይደል?"

ውርስ የሚሉት አንዲት የደብተር ገጽ ናት። ከየትኛው ዓመት ተማሪ እንደጀመረች የሚያውቅ የለም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠች ጽሑፏ ደክሟል። በላይዋ ላይ እንዲህ ይላል፦ "እትዬ ምርመራ፤ ባዶ። የግራዋ የዕንቁላል ዕጢ ከቀኟ ትበልጣለች። ከመመለስህ በፊት ትንሽ የምታስብ ምሰል።" ላሟ ከወለደች ዓመታት አልፈዋል፤ መካን ናት ተብሎ በመዝገብ ሰፍሯል። መልሱ ስለማይለወጥ የመምህሩም የመልስ ቁልፍ አይለወጥም።

መምህሩ አባ ንጹህ ይባላሉ። ቄስ ሆነው አይደለም፤ ጋውናቸው ላይ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ጠብታ አርፋ ስለማታውቅ ነው። ስለ ማሕፀን ሲያስተምሩ ማሕፀን ውስጥ ተወልደው፣ አድገው፣ እዚያው ጡረታ የወጡ ነው የሚመስለው። እጃቸውን ወደ ላም ያስገቡበትን ዘመን ግን የሚያስታውስ ተማሪ የለም። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ደግ ነበሩ፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ የመጣው ከደግነታቸው ነው።

አሁን አንድ ነገር መነገር አለበት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ተምረው ነበር። ለልምምድ የተሰጣቸው የኮርማ ዘር ከማቀዝቀዣው ታች የተገኘ፣ ቀኑ ያለፈበት፣ ሊጣል የተዘጋጀ ነው። ሠላሳ አንድ ተማሪ በየተራ ቀጭኗን ቱቦ ይዞ እትዬ ምርመራን ጎበኛት። ግማሹ በስህተት ሽንት ፊኛዋን አዳቀለ። ዘሩ የሞተ ነው፣ ላሟ መካን ናት፣ አዳቃዮቹ ተማሪዎች ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዳቸው ይሳካላቸዋል ብሎ የጠረጠረ በፋኩልቲው ውስጥ አንድም የተማረ ሰው አልነበረም።

ያልተማረ ግን አንድ ነበር። በረቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው፣ ከዚያ ትምህርት ወዲህ ላሟ ኮርማ አልፈለገችም ብለው ለአባ ንጹህ ነግረዋቸዋል።

"ጋሼ" አሏቸው አባ ንጹህ በትሕትና፣ "እርስዎ ድርቆሹን ይከታተሉልን።"

ጋሼም ድርቆሹን ተከታተሉ።

ከማዳቀሉ አራት ወር ያህል እንዳለፈ የፈተናው ቀን ደረሰ። እትዬ ምርመራ በብረት ማሰሪያዋ ውስጥ ቆማ ታላምጣለች። አባ ንጹህ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው፣ ጥላ ሥር ወንበር ላይ፣ ቁልፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ተማሪው አንድ በአንድ ይገባል፣ ይዳስሳል፣ ትንሽ የሚያስብ ይመስላል፣ "ባዶ" ይላል። ክሬን እጁን አስገብቶ ለማውጣት የፈጀበት ጊዜ ከኪስ መሐረብ ለማውጣት አይበልጥም። ሲወጣ ፊቱ ትንሽ ገርጥቶ ነበር፤ "ባዶ" አለና ማንንም ሳያይ ወደ ቧንቧው ሄደ።

እጥረት ሠላሳ አንደኛዋ ናት። ጓንቷን አጥልቃ ማለስለሻውን ቀባች፤ በእግሯ ጣቶች ቆመች፤ ጉንጯን ታፋው ላይ አሳረፈች። ገባች። እንደ ወትሮው ማሕፀኑ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ምንም የለም። ዳሌው አጥንት ጋ ስትደርስ ክንዷ አለቀ። ጣቶቿ ግን ዓመቱን ሙሉ ተምረዋልና ዝም ብለው አልተመለሱም፤ በአጥንቱ ጥግ በጥግ እየዳበሱ አንድ የደም ሥር አገኙ። እርሳስ ያህል ይወፍራል። ጫን ስትለው እንደ ሌላው የደም ሥር አልመታም። ነዘረ፤ ድምፁ ተዘግቶ ኪስ ውስጥ እንደሚጠራ ስልክ፣ ሳያቋርጥ ነዘረ።

መጽሐፉ ላይ ስለዚህ ነገር ሦስት መስመር ተጽፏል። ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም ሥር እንዲህ የሚነዝረው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ማሕፀኑ ቦታው ላይ ያልተገኘውም ከብዶ ወደ ሆድ ስለወረደ ነው።

"እህ?" አሉ አባ ንጹህ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። "ባዶ ወይስ እርጉዝ?"

"ዶክተር... የደም ሥሩ ይነዝራል።"

አባ ንጹህ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። "የምኑ?"

"የማሕፀኑ።"

"ማሕፀኑን ደርሰሽበታል?"

"አልደረስኩም።"

"ቤቱን ያላየ ሰው ስለ ቧንቧው ይናገራል?" አሉ፤ ግን አልተቆጡም። ስም ዝርዝሩን ተመለከቱ፤ ከስሟ ጎን "ሁለተኛ ጊዜ" የሚለውን በቀይ አዩት። ፊታቸው ላይ የአባት ርኅራኄ መጣ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ የመጨረሻሽ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሠላሳ ጓደኞችሽ አይተዋታል። እጅሽን አውጪ፣ ትንፋሽ ውሰጂ፣ እንደገና ግቢና ረጋ ብለሽ ንገሪኝ።" ይህን እያሉ በእስክሪብቷቸው ጫፍ ቁልፉን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት።

እጥረት እንደገና ገባች። የደም ሥሩ አሁንም ይነዝራል፤ ማን እንደደወለ እያወቀች ለማንሳት እንደፈራችው ስልክ። የእናቷ የተላጡ ጣቶች ትዝ አሏት። የስንብት ደብዳቤ የሚጻፍበት ወፍራም ወረቀት ትዝ አላት። ሠላሳ ረጃጅም ክንድ ከእሷ አንድ አጭር ክንድ ጋር ተመዘነ።

"ባዶ ናት" አለች።

"ጎበዝ። ከዕንቁላል ዕጢዎቿ ትልቋ የትኛዋ ናት?"

"የግራዋ።" ዕጢዎቹን በጣቷ ጫፍ እንኳ አልነካቻቸውም።

ሙሉ ማርክ ሰጧት።

ክንዷን ቧንቧው ሥር ስትታጠብ ጋሼ የውኃ ባልዲ ይዘው አጠገቧ ቆሙ።

"ምን አልሽ?"

"ባዶ።"

ጋሼ ባልዲውን ቧንቧው ሥር አስቀመጡ። "ተማሪ ሁሉ እንደዚያ አለ" አሉ ውኃው ሞልቶ ሲፈስ። "መቼም የተማረ ያውቃል" ብለው ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከነአዲስ ትምህርቱ መጣ። መድኃኒት ጥናት መጣ፤ ስማቸው ከራሳቸው የሚረዝም አራት መቶ መድኃኒቶች። የበሽታ ጥናት መጣ። የሥጋ ምርመራ መጣ። እጥረት መጽሐፍ ተሸክማ ስትሄድ ከኋላ ለሚያያት መጽሐፉ በራሱ እግር የሚሄድ ይመስል ነበር። አንብባ ታድራለች፣ ያነበበችው ጠዋት ይተናል። በዚህ ሁሉ መሀል ወደ በረቱ በሚወስደው መንገድ መሄድ አቆመች፤ በዙሪያ ጥምጥም በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ትሄድ ጀመር።

አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚወገዱ እንስሳት ዝርዝር ተለጠፈ። ሁለት ዶሮ፣ አንድ አንካሳ በግ፣ ከዚያ በታች የአንዲት ጥቁር ላም ቁጥር። ምክንያት፦ "መካን። በሠላሳ አንድ ተማሪዎች ምርመራ ተረጋግጧል።" በፋኩልቲው አሠራር የሚወገድ ከብት የሚሸኘው ተማሪዎቹ ለሥጋ ምርመራ ወደ ቄራ በሚሄዱበት ቀን ነው። ማስተማር የጀመረ እንስሳ አስተምሮ ይጨርስ ነው ነገሩ።

እጥረት ቀጥ ብላ ወደ አባ ንጹህ ቢሮ ሄደች። ቀጥ ብላ መሄዷ እስከ በሩ ድረስ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ያልተጠየቀችው ጥያቄ ሁሉ ተሰልፎ ጠበቃት። እርጉዝ ናት ብትል፣ "ታዲያ ያን ቀን ምን አልሽ?" ትባላለች። ዋሸሁ ካለች ማርኳ ይሰረዛል፤ ማርኳ ከተሰረዘ ሁለተኛ መውደቋ ነው። ዝም ካለች ደግሞ... ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይላሉ። የእጥረትም ነገር እንደዚያ ሆነ።

ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። "ምን ነበር የኔ እህት?"

"ውጤቴን ላይ ነው።"

"ያለፈው ትምህርት? ቆይ... አልፈሻል። እንዲያውም አንደኛ ደረጃ።"

"አመሰግናለሁ" ብላ ተመለሰች።

ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ አንዱን ጫፍ እጥረት ያዘች፣ ሌላውን እናቷ፤ ወደ መሀል እየመጡ እየተመለሱ ያጥፋሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። እናቷ ስትሰማ ቆይታ አንሶላው ተጣጥፎ ሲያልቅ እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች።

"ስንት ወሯ ነው?"

"አሁን ስድስት ሊሞላት ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ እማዬ።"

እናቷ መስኮት መስኮቱን አየች። "እኔ የወላዶች ክፍል አንሶላ ሳጥብ፣ አንዳንዱን አንሶላ ዓይቼ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም ሳይነግረኝ። ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?" አለች። ቀጥላም ሌላ አንሶላ አነሳች። "ሆድ ይፍጀው ልጄ። ያዥ ያንን ጫፍ።"

ቄራው ከከተማው ዳር ነው። ሠላሳ አንዱ ተማሪዎች ለእግራቸው የማይሆን ነጭ የጎማ ቦት ተሰጥቷቸው፣ እጥረት ጉልበቷ ድረስ የሚውጣት ደርሷት፣ ጠዋት በአጥሩ ተሰለፉ። የሚያስተምሯቸው የቄራው የሥጋ መርማሪ ናቸው፤ አምሳን የተሻገሩ ሴት፣ ወገባቸው ላይ ሁለት ቢላ የታጠቁ፣ የመጋዝን ጩኸት በመብለጥ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ድምፃቸው የዛገ።

"ሥጋ ምርመራ የሚጀምረው ከቁም ነው" አሉ። "ዓይኗን እዩ፣ አፍንጫዋን እዩ፣ አረማመዷን እዩ። የረገዘች ላም እዚህ በር አታልፍም። ካለፈች ጥፋቱ የመርማሪው ነው።"

እትዬ ምርመራ ከመኪናው ወርዳ በረቱ መሀል ቆማለች። አገሩ ግር ብሏታል። ነጭ ጋውን የለበሱትንና ጓንት ያጠለቁትን ወጣቶች ስታይ ግን የምታውቀው ነገር አገኘች። ቀስ ብላ ዞረችና፣ እንደ ወትሮዋ፣ ኋላዋን ሰጠቻቸው።

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሳቁ ሩቅ አልሄደም።

መርማሪዋ ሆዷን ከጎን እያዩ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። "ይቺ ተፈትሻለች?"

"ከፋኩልቲው ናት" አለ ላሟን ያመጣው የመኪናው ሹፌር ወረቀት እየዘረጋ። "ባዶ። ሠላሳ አንድ ሰው አይቷታል።"

መርማሪዋ ወረቀቱን አነበቡ። ማኅተሙን አዩ። ወደ ተማሪዎቹም ዞረው አዩ፤ እጥረት ዓይናቸው እሷ ላይ ያረፈ መሰላት። አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የብረቱ በር በሰንሰለት ተጎትቶ ሲከፈት የተነሳው ጩኸት ምላሷ ላይ የነበረውን ወሰደባት፤ ወይም እንዲወስድባት ፈቀደችለት። መርማሪዋ ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው በቄራ ሁልጊዜ የሚሆነው ነው። ቱቦ ውኃ ያፈሳል፣ ሰንሰለት ይወጣል፣ ሰንሰለት ይወርዳል። መርማሪዋ ጭንቅላቱን፣ ሳንባውን፣ ጉበቱን በቢላቸው እየሰነጠቁ አሳዩዋቸው፤ ተማሪዎቹ ጻፉ። መጨረሻ ላይ ሆድ ዕቃው ነጩ ጠረጴዛ ላይ ወረደ፤ ከእሱ ጋር ማሕፀኑ። ሲያርፍ የእርጥብ ፍራሽ ድምፅ አሰማ። ማስታወሻ የሚጽፈው እስክሪብቶ ሁሉ ቆመ።

መርማሪዋ ቢላቸውን በውኃ አጥበው ማሕፀኑን ከፈቱት። ጥጃዋ ጥቁር ትሆን ነበር። ፀጉር ገና ከንፈሯ ላይ፣ የዓይኗ ሽፋን ላይና የጭራዋ ጫፍ ላይ ብቻ ነው የበቀለው። ዓይኗ ተከድኗል።

"ሜትር" አሉ መርማሪዋ። ለእጥረት ሰጧት፤ ከሁሉም ቀርባ የቆመችው እሷ ነበረች። እጥረት ከአናቷ እስከ ጭራዋ ሥር ለካች።

"አርባ ስድስት።"

"ደንቡን ታውቂዋለሽ?"

"ወሩ፣ ወሩ ላይ ሁለት ተደምሮ በሚገኘው ይባዛል። ስድስት ጊዜ ስምንት አርባ ስምንት። ስድስት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል።"

"ከሁለት ወር በፊት በሠላሳ አንድ ሰው የታየች ላም" አሉ መርማሪዋ በዛገ ድምፃቸው። "ያን ጊዜ አራት ወሯ ነበር። አራት ወር የሆነውን ዓይነ ስውር እንኳ አያልፈውም። ማነው ያያት?"

ሠላሳ አንድ ጥንድ የጎማ ቦት ወደ መሬት አየ። ቱቦው መፍሰሱን አላቆመም። ከእጥረት ጀርባ ክሬን በቀስታ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ "ጭንቅላቷን በእጄ ይዤው ነበር" አላት። "ይሄን ያህል ነበረች። እንቁላል የምታክል።" አጠገቡ ያለችው ልጅ ጓንቷን እያወለቀች መልሳ እያጠለቀች አለቀሰች። ሌላውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ እጥረት ገባት። ብቻዋን አልነበረችም። ብቻዋን ብትሆን ይሻል ነበር።

መርማሪዋ የምርመራ ቅጹን ለእጥረት ሰጧት። "ሙዪው። የለካው ሰው ነው የሚሞላው።"

እጥረት ሞላችው። የላሟ ቁጥር፣ ቀለም፣ ዕድሜ። "እርጉዝ" በሚለው ጎን ምልክት አደረገች። "የጽንሱ ዕድሜ" በሚለው ጎን ጻፈች። ከታች "ማስታወሻ" የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ እስከ ዛሬ ማንም ጽፎበት አያውቅም። እስክሪብቶዋን እዚያ አሳረፈችና ሳታነሳ ጻፈች፦ "ከሁለት ወር በፊት በፈተና ላይ የማሕፀን ደም ሥሯ ሲነዝር በእጄ ተሰምቶኝ፣ እንዳልወድቅ ፈርቼ ባዶ ናት ብያለሁ። ዛሬም በር ላይ ዝም ብያለሁ።" ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

መርማሪዋ አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ይሄ ቅጽ ይህን አይጠይቅም" አሉ።

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ቅጂው ለፋኩልቲው ነው የሚሄደው።"

"አውቃለሁ።"

መርማሪዋ ከሥሩ እሳቸውም "በር ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ" ብለው ጻፉና ማኅተም መቱበት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እጥረት በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መጽሐፎቿን በየቀኑ እየገለጠች አንድም ቃል አላነበበችም፤ እናቷ ልብሷን አጥባ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን አልጋ ላይ ደርድራ ትጠብቅ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዲኑ አስጠሯት። አባ ንጹህ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ሬጅስትራሩ አንድ ወፍራም መዝገብ አቅፏል።

"ይህ ያንቺ ጽሑፍ ነው?" አሉ ዲኑ።

"ነው።"

"ማን አጻፈሽ?"

"ማንም።"

ዲኑ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንግዲህ ስሚ። በዚያ ፈተና ሠላሳ አንድ ተማሪ ባዶ ናት ብሎ አልፏል። ያንቺ ውጤት ይሰረዝ ካልን የሠላሳውም ይሰረዛል፤ መልሳቸው አንድ ነውና። የሠላሳ አንዱ ከተሰረዘ ፈተናው ይሰረዛል። ፈተናው ከተሰረዘ ቁልፉ ስህተት ነበር ማለት ነው። ቁልፉ ስህተት ከነበረ..." ዲኑ ወደ አባ ንጹህ አዩ። አባ ንጹህ ወደ መስኮቱ አዩ። "ስለዚህ ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ ላሟ ባዶ ነበረች ብሏል።"

"ዶክተር፣ ጥጃዋን እኮ ለክቻታለሁ።"

"እሱ የቄራው መዝገብ ነው። የእኛ መዝገብ የእኛ ነው።" ሬጅስትራሩ መዝገቡን ከፍቶ አሳያት፤ ከጥቁር ላሟ ቁጥር ጎን፣ የወጣችበት ምክንያት በሚለው ረድፍ፣ "መካን" ተብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። "አንቺ አልፈሻል። ኦፊሴላዊ ቅጽ ላይ የግል ጉዳይ በመጻፍሽ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል። ፈርሚ።"

እጥረት ፈረመች። ሌላ ምን ታደርጋለች?

ኮሪደሩ ላይ አባ ንጹህ ከኋላዋ ደረሱባት። ነጭ ጋውናቸው እንደ ወትሮው በረዶ ይመስላል። ወዲያ የሚያልፍ ተማሪ እስኪያልፍ ጠበቁ።

"የኔ ልጅ፣ ያን ቀን እውነት ነዝሮ ነበር?"

"አዎ ዶክተር።"

"እንዴት ነው የሚነዝረው?"

እጥረት እየቀለዱባት መስሏት ፊታቸውን አየች። አልቀለዱም። አንድ ነገር ጠፍቶበት ከጎረቤት ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ዓይን ነበር።

"እጅዎን ይስጡኝ" አለቻቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰጧት። ሁለት ጣቶቿን አንጓቸው ላይ አሳረፈች። "ይሄ ይመታል። ይሰማዎታል? ያኛው አይመታም። ያልተቋረጠ ነው፤ ውኃ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲሮጥ እንደሚንቀጠቀጠው። ጣት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የራስ እጅ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል።"

አባ ንጹህ አንጓቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መጽሐፉም እንደዚሁ ነው የሚለው" አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ማሕፀን ሊማሩ እየጠበቋቸው ስለነበር፣ እጅጌያቸውን ቆልፈው ወደ ክፍል ሄዱ። እጥረት ስምንት ሰዓት ላይ የመድኃኒት ጥናት ፈተና ነበረባት።